የማይዳሰሰውን አምላክ ስለ ማመን

ሰው ከእናቱ ማሕፀን በወጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚያውቀው በእጁ የያዘውንና በአፉ የቀመሰውን ነው። ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስደው ስለዚህ ነው፤ ያልዳሰሰውና ያልቀመሰው ነገር ለእርሱ እንዳልተፈጠረ ይቈጠራልና። እያደገ በሄደ ጊዜ ግን ያላያቸው ብዙ ነገሮች መኖራቸውን ይማራል፤ ከተራራው ማዶ አገር እንዳለ፣ እርሱ ከመወለዱ በፊት አያቶቹ እንደ ነበሩ፣ እናቱ ከቤት ብትወጣም ከዓለም እንዳልጠፋች ያውቃል። እንግዲህ የሰው ዕድገት ከሚዳሰሰው ወደማይዳሰሰው መሻገር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዳሩ ግን የእግዚአብሔር ነገር በተነሣ ጊዜ ብዙዎች ወደ ሕፃንነታቸው ይመለሳሉ፤ ያላየሁትን፣ ያልሰማሁትን፣ በእጄ ያልዳሰስሁትን እንደ ምን አድርጌ ልመን? ይላሉ።

ይህ ጥያቄ በአርባ ምንጭ ከተማና በጋሞ ደጋ ባሉት አጥቢያዎችም ዘወትር ይሰማል። ጠያቂዎቹ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ክርክር ወዶ የሚጠይቅ ነው። ሁለተኛው ወገን ግን የሚጾም፣ የሚያስቀድስ፣ ልጆቹንም ክርስትና ያስነሣ ምእመን ነው፤ ነገር ግን በሌሊት ተነሥቶ ብቻውን በሚጸልይበት ጊዜ ቃሉ ከጣሪያው የሚያልፍ አይመስለውም። የታመመ ልጁን አቅፎ እግዚአብሔርን ጠርቷል፤ በጆሮው የገባ መልስ ግን አልሰማም። ይህንንም ለሰው እንዳይናገር ያፍራል፤ ለንስሐ አባቱ እንኳ ቢሆን ሲነግር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የመጀመሪያው ሰው የሚፈልገው ሙግት ነው፤ ሁለተኛው የሚፈልገው ግን እንጀራ ነው። ይህን ጽሑፍ ይልቁንም ለሁለተኛው ጻፍነው፤ የመጀመሪያውም ቢያነበው አይጎዳውም።

አስቀድመን የሕዋሳትን ሥልጣን እንመልከት። ሊቃውንቶቻችን ሰው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ባሕርይ በተገኘ ሥጋና፣ ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት በሆነች ነፍስ የተፈጠረ መሆኑን ያስተምራሉ። ለሥጋው አምስት ሕዋሳት ተሰጥተውታል፤ ሁሉም በየሥራቸው የተወሰኑ ናቸው። ዓይን በቀለም ላይ ዳኛ ነው፤ በዜማ ላይ ግን ሊፈርድ አይችልም። ጆሮ ዜማን ይለያል፤ የማርን ጣዕም ግን አያውቅም። ዓይን ተነሥቶ ግእዝን ከዕዝል፣ ዕዝልንም ከአራራይ ለይቼ አላየሁምና ዜማ የሚባል ነገር የለም ቢል እንስቅበታለን። እንዲሁም አምስቱ ሕዋሳት በአንድነት ተሰብስበው እኛ ያላገኘነው ነገር ፈጽሞ የለም ብለው ቢፈርዱ፣ ከወሰናቸው ወጥተው መፍረዳቸው ነው። የተሾሙት ግዙፉን ሊያስታውቁ እንጂ ረቂቁን ሊመረምሩ አይደለምና።

ደግሞም ረቂቅ ነገር ፍለጋ ወደ ሰማይ መውጣት አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዳችን ውስጥ ይገኛል። ሐኪም የሰውን ራስ ከፍቶ አንጎሉን ያያል፤ በመሣሪያም እንቅስቃሴውን ይለካል። ነገር ግን ያ ሰው በዚያች ሰዓት ለሞተች እናቱ ያለውን ናፍቆት አውጥቶ በሳሕን ላይ ሊያኖረው አይችልም። በመሣሪያው ላይ የተጻፈው መስመር የናፍቆት ምልክት ነው እንጂ ናፍቆቱ ራሱ አይደለም፤ ናፍቆቱን የሚያውቀው የሚናፍቀው ብቻ ነው። እንግዲህ ከሁሉ ይልቅ የእኛ የሆነው፣ ማለት ፍቅራችን፣ ኀዘናችን፣ ተስፋችን፣ ከማንም እጅ የማይገባ ከሆነ፣ የሚዳሰስ ብቻ እውነት ነው የሚለው ቃል ራሱን ተናጋሪውን ሰው ሳይቀር የሚያጠፋ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የኢየሩሳሌም ኤጲስ ቆጶስ የነበረው ቅዱስ ቄርሎስ ለንኡሰ ክርስቲያን ባስተማረው ትምህርት በአምስተኛው ክፍል እምነት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ብቻ ገንዘብ አለመሆኑን ያስረዳል። እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች በጋብቻ የሚጣመሩት፣ ገበሬ ዘሩን የሚበትነው፣ መርከበኛም ጽኑውን ምድር ትቶ በቀጭን እንጨት ላይ ነፍሱን የሚጥለው በእምነት መሆኑን ያሳያል። የጋሞ ደጋ ገበሬ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያሻውም። እንሰት የተከለ ሰው በተከለበት ዓመት አይበላውም፤ ብዙ ዓመታት ይጠብቃል። በደረሰም ጊዜ ፍቆ፣ በኮባ ጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀብረዋል። ከዓይን ተሰውሮ በጨለማ በሚቦካበት ጊዜ ማንም ቆሞ አያየውም፤ ደርሶ ሲወጣ ግን ቤተ ሰቡ በልቶ ያድራል። ዛሬ የተተከለውን እንሰት አንዳንድ ጊዜ የሚበላው ተካዩ ሳይሆን ልጁ ነው። ይህ ሁሉ ያልታየውን አምኖ መሥራት ነው።

የአርባ ምንጭ ከተማ ስም ራሱ የዚህ ነገር ምሳሌ ይሆነናል። ከከተማዋ በታች፣ ከገደሉ ሥር በደኑ ውስጥ ብዙ ምንጮች ይፈልቃሉ፤ ከተማዋም ስሟን ከእነርሱ አገኘች፤ ለብዙ ዘመንም ከእነርሱ ስትጠጣ ኖራለች። ውኃው ከዓለቱ ሥር ሲወጣ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በስተ ሰሜን በደጋው ያለችው ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በደጋው ላይ የዘነበው ዝናም ወደ መሬት ይሰርጋል፤ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ከቆላው ጫፍ ይፈልቃል። እንስራዋን የምትሞላው ሴት ደመናውን አላየችም፤ በጨለማ የተጓዘበትንም መንገድ አላየችም፤ ነገር ግን ትጠጣለች።

በዚህ ላይ ብልህ ሰው ተነሥቶ እንዲህ ቢለን ይገባዋል፤ የውኃውን መንገድ ዓይን ባያየውም ሊቃውንት መርምረው ሊደርሱበት ይችላሉ፤ በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተመሠረተው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎቹ ብዙዎቹን ይህንኑ ሲያስተምር ኖሯል፤ እግዚአብሔርን ግን በየትኛው መሣሪያ እንፈልገዋለን? ይህ ሰው እውነት ተናገረ። የምንጩ ምሳሌ የሚያገለግለን እስከዚህ ብቻ ነው፤ ያላየሁት ሁሉ የለም የሚለውን አባባል ያፈርሳል እንጂ እግዚአብሔርን በመሣሪያ እንደሚገኝ የተሰወረ ውኃ አያደርገውም። ምሳሌ ከሚሸከመው በላይ ቢጭኑበት ይሰበራልና እኛም ከዚህ አንጭንበትም።

እንግዲህ እግዚአብሔር ስለ ምን በሕዋሳት አይታወቅም? ርቆ ስለ ተቀመጠ ነውን? ወይስ ከእኛ ሊሸሸግ ስለ ወደደ ነውን? አይደለም። በሕዋሳት የሚታወቅ ነገር ሁሉ ወሰን ያለው ነው። ዓይን የሚያየው ነገር ከጎኑ ሌላ ነገር አለ፤ እጅ የሚዳስሰው ነገር ጠርዝ አለው፤ ጆሮ የሚሰማው ድምፅ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። እግዚአብሔር ግን በሁሉ የመላ ነውና ከዚህ ጀምሮ እስከዚህ የሚባልበት ጠርዝ የለውም። ስለዚህ በእጃችን ጨብጠን ይኸው አገኘነው የምንለው ቢኖር፣ ያገኘነው ፍጡር እንጂ ፈጣሪ ሊሆን አይችልም። አምላክን ካልዳሰስሁ አላምንም የሚል ሰው፣ ሳያውቀው፣ አምላክ ያልሆነ አምላክ ይሰጠው ዘንድ ይለምናል። እስራኤል በሲና ግርጌ የለመኑት ይህን ነበር። ሙሴ በተራራው ላይ በዘገየባቸው ጊዜ በፊታቸው የሚሄድ፣ የሚታይና የሚዳሰስ አምላክ ፈለጉ፤ ያገኙትም ጥጃ ሆነ።

በተራራው ላይ የነበረው ሙሴ ግን ክብሩን ያይ ዘንድ በለመነ ጊዜ ፊቱን አይቶ በሕይወት መኖር እንደማይቻለው ተነገረው፤ በዓለት ስንጥቅ ቆሞ የክብሩን ማለፍ ብቻ አወቀ። ኤልያስም በዚያው በኮሬብ ዓለት የሚሰነጥቅ ነፋስ፣ የምድር መናወጥና እሳት አለፈበት፤ ሕዋሳትን እጅግ በሚያስደነግጡት በነዚህ ሦስቱ ግን እግዚአብሔር አልተገለጠለትም፤ ከሁሉ በኋላ በመጣው፣ ጆሮ ሊስተው በሚችለው ቀጭን ድምፅ ተናገረው እንጂ። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅም በ386 እ.ኤ.አ. ገደማ በአንጾኪያ ሳለ የእግዚአብሔርን ባሕርይ መርምረን ደርሰንበታል በሚሉ መናፍቃን ላይ ተከታታይ ስብከት ሰብኳል፤ ኪሩቤልና ሱራፌል እንኳ በመፍራት ፊታቸውን እንደሚሸፍኑ አመልክቶ፣ ከመላእክት የተሰወረውን የሰው አእምሮ ወስኖ ሊይዘው እንደማይችል አስረድቷል። እንግዲህ አለማየታችን የእምነታችን ጉድለት አይደለም፤ የሚታመነው አምላክ አምላክ ስለ ሆነ ነው።

ነገር ግን ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ እኛ ሥጋ የለበስን ሰዎች ተስፋ በቈረጥን ነበር። አላበቃም። ወልድ ከእመቤታችን ከቅድስት ድንግል ማርያም ሥጋን ነሥቶ ሰው በሆነ ጊዜ፣ በባሕርዩ የማይዳሰሰው በተዋሕዶ ተዳሰሰ። ዛሬም በጥምቀት ውኃውን፣ በሜሮን ቅብዐቱን፣ በቍርባን ኅብስቱንና ወይኑን ሰጥቶናል። ቤተ ክርስቲያናችን ዕጣኑን ለአፍንጫ፣ ጸናጽሉንና ከበሮውን ለጆሮ፣ ሥዕሉን ለዓይን ያዘጋጀችው ሰው ሥጋም ነፍስም መሆኑን አውቃ ነው። ይህን ያህል ከተሰጠን በኋላ ግን ልብ ልንል የሚገባን አንድ ነገር አለ፤ መዳሰስ ብቻውን እምነትን አይወልድም። ሕዝቡ ጌታን ከበው ሲያጋፉት ሁሉም ዳስሰውት ነበር፤ ኃይል ከእርሱ ወጥቶ የፈወሰው ግን ደም የሚፈስሳትን አንዲት ሴት ነው። ጭፍሮችም ዳስሰውታል፤ በጥፊ የመታው እጅ፣ ችንካሩን የመታው እጅ ከማንም ይልቅ ቀርቦት ነበር። ቶማስም የዳሰሰው የተወጋ ጎንን ነው፤ አፉ የመሰከረው ግን ጌትነትንና አምላክነትን ነው። አንዱን ዳሰሰ፣ ሌላውን አመነ። በዳሰሰውና ባመነው መካከል ያለውን ርቀት የተሻገረው በእጁ ሳይሆን በልቡ ነው። ይህን መሻገር እኛም በየዕለቱ እንጠየቃለን።

እንግዲህ እምነት የሚታወቀው በመዳሰስም በስሜትም ካልሆነ በምን ይታወቃል? በዚህ ስፍራ ከጋሞ ምድር የተገኘ አንድ ነገር እናምጣ። ዳን ስፐርበር የተባለ ፈረንሳዊ የማኅበረ ሰብ አጥኚ በዶርዜ ተቀምጦ የሕዝቡን ኑሮና አስተሳሰብ መርምሮ ነበር፤ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ይህን ጽፏል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን አውሬ ነው፣ የቤተ ክርስቲያንንም ጾም ይጠብቃል ብለው ይናገራሉ። ይሁን እንጂ የዶርዜ ሰው ከብቱን የሚጠብቀው እንደ ሌሎቹ ቀናት ሁሉ ረቡዕና ዓርብም ጭምር ነው። ነብር ይጾማል ይላል፤ በጾሙ ቀን ግን በረቱን ክፍት አያሳድርም።

ይህን የምንጽፈው የዶርዜን ሰው ለማቃለል አይደለም። አባቶቹ የነገሩትን በክብር ይዟል፤ ደግሞም ከብቱን የሚጠብቅ አስተዋይ ነው። ምናልባትም በዚህ አባባል ውስጥ ኢሳይያስ የተናገረው፣ ነብርና የፍየል ጠቦት በሰላም አብረው የሚያርፉበት ዘመን ናፍቆት ተሰውሮ ይሆናል። እኛ የምንጠይቀው ስለ ራሳችን ነው። በእግዚአብሔር ማመናችን እንደ ነብሩ ጾም እንዳይሆን ማን ይመርምርልን? በአፍ የሚነገር፣ በልብም ሳይካድ የሚቀመጥ፣ ነገር ግን እስከ በረቱ በር የማይወርድ እምነት አለና። ነጋዴው እግዚአብሔር ያያል ይላል፤ ሚዛኑን ግን ያጎድላል። ባለ ጉዳዩ መስቀል ተሳልሞ ወደ ሸንጎ ይገባል፤ በሐሰትም ምሎ ይወጣል። ካህኑ የማይታየው ጌታ በመንበሩ ላይ መኖሩን ያውጃል፤ ድሀው ምእመን ፍትሐት በለመነው ጊዜ ግን የማንም ዓይን እንዳላየው አድርጎ ያመላልሰዋል። እነዚህ ሰዎች እግዚአብሔር የለም አላሉም፤ ቢጠየቁም ስለ መኖሩ ይሟገታሉ። ዳሩ ግን የሚኖሩት ባለመኖሩ ላይ ተማምነው ነው።

ከዚህ የተነሣ የተገላቢጦሹም እውነት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በጸሎቱ ጊዜ ምንም አይሰማኝም እያለ የሚያዝን፣ ነገር ግን የተረፈውን ገንዘብ ለባለቤቱ የሚመልስ፣ ማንም በማያየው ስፍራ ድርና ማጉን ሳያሳሳ የሚሠራ ሸማኔ፣ በሽተኛ እናቱን ሌሊቱን ሁሉ ሲያገላብጥ የሚያድር ልጅ ምን ያህል እንደሚያምን ራሱ አያውቅም። የማይታየው ጌታ እንዳየው ሆኖ ሠርቷልና። እምነቱን በስሜቱ ሚዛን ቢመዝነው ቀላል ይሆንበታል፤ በእጁ ሥራ ቢመዝነው ግን ከባድ ሆኖ ያገኘዋል።

ስሜት እንደ አየር ጠባይ ነው፤ ይሞቃል፣ ይበርዳል። እምነት ግን ዝናም በጠፋ ጊዜም ደጃፉን የማይዘጋ ቤት ነው። ለዚህም የጋሞ ምድር ታሪክ ይመሰክርልናል። ከዓባያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ያለችው ብርብር ማርያም ከደቡቡ የአገራችን ክፍል ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት እንደ አንዷ ትቈጠራለች። በ16ኛው መቶ ዓመት ከተነሣው ከአሕመድ ግራኝ ጦርነት በኋላ በደቡብ የነበረው ክርስቲያን ከሰሜኑ ወንድሙ ተለየ፤ መንገዱ እንደ ገና የተከፈተው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በሚሆን በዚያ ዘመን የክርስትናው ምልክት በጋሞ ደጋ ፈጽሞ እንዳልጠፋ፣ በቅዱሳን ስም የሚጠሩ ስፍራዎች ተከብረው እንደ ቆዩ መርማሪዎች ጽፈዋል። ጳጳስ አልመጣላቸውም፤ ከሩቅ የሚያጽናና ደብዳቤ አልደረሳቸውም፤ ትውልድ በትውልድ ላይ አለፈ። ይሁን እንጂ የተቀደሰውን ስፍራ እንደ ተቀደሰ ጠበቁ። አንድ ዓመት ጸልዬ አልተመለሰልኝም የሚል ሰው እነዚያን ያስብ። ዝም ያለ አምላክ የሌለ አምላክ አይደለም።

አሁን በማይታየው የማመንን ኃይል በግልጥ ወዳሳየው፣ በዘመናችን ወደ ሆነው ነገር እንምጣ። በመስከረም ወር 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩም ከቤታቸው ተፈናቀሉ፤ ከተጎዱትም ብዙዎቹ ከጋሞ ምድር ሄደው በዚያ የሚኖሩ ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቶች በቍጣ ነድደው ለበቀል ተነሡ፤ በደሉን ባልሠሩ ጎረቤቶች ላይ እጃቸውን ሊያነሡ ሆነ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ በወጣቶቹም ፊት ተንበረከኩ። ወጣቶቹ ቆሙ፤ ተመለሱም።

ይህን ነገር በሕዋሳት ብቻ የሚመረምር ሰው ምን ያገኛል? ዓይን ያየው ሣርና ሽበት ነው። ሣር አጥር አይሆንም፤ በጉልበቱ የተንበረከከ ሽማግሌም ለጎልማሳ ክንድ መከላከያ የለውም። በሌላው ወገን ደግሞ የሚዳሰሰው ሁሉ ተሰልፎ ነበር፤ የወገን ሞት፣ የልብ ቃጠሎ፣ የተሰበሰበ ሕዝብ ጩኸት፣ በእጅ ያለ ድንጋይና ዱላ። ነገሩ በሚዳሰሰው ቢለካ ድሉ የቍጣው በሆነ ነበር። ያሸነፈው ግን የማይዳሰሰው ነው። የጋሞ ሰው ከአባቶቹ ሕግ የሚወጣ ሰው ጎሜ እንደሚያገኘው ይማራል፤ በዱቡሻ ተቀምጦም እርቅን ከሽማግሌዎቹ አፍ ይሰማል። እኛ ይህን ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት ጋር አንቀላቅለውም፤ ነገር ግን ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ የሕግ ሥራ በሰዎች ልብ የተጻፈ መሆኑን አስተምሮናልና፣ የልቡን ጽሕፈት ማን እንደ ጻፈው እናውቃለን። በዚያን ቀን ያ ያልታየ ጽሕፈት ተነበበ። ሰዎችም በሕይወት ተረፉ።

እዚህ ላይ ግን በጆሯችን የሚገባ ሌላ ድምፅ አለ፤ በቡራዩ ለሞቱትስ ስለ ምን ሣር የያዘ አልመጣላቸውም? የማይታየው አምላክ በአርባ ምንጭ ልብ ከመለሰ በዚያ ስለ ምን ዝም አለ? ይህ ጥያቄ የሟች ወላጆች ጥያቄ ነውና በችኮላ መልስ አንዘጋውም። ሰውን ነጻ አድርጎ የፈጠረው አምላክ የወንድሙን ቃል የማይሰማ ልብ ሊኖር እንደሚችል ከቃየል ጀምሮ እናውቃለን። ይህ ግን ለሚያለቅስ ሰው በቂ አይሆንም። ለእርሱ የምንነግረው ይህን ነው፤ ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ሳለ የተተወ ሰው ጩኸት ጮኋል። ጩኸቱም በመዝሙር የተጻፈ ጸሎት ነበር፤ ስለ ምን ተውኸኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚጠይቀውን ሰሚ አልካደምና። እንግዲህ አዝኖ ወደ ሰማይ የሚጮኽ ሰው ከእምነት ውጭ አይደለም። ከእምነት ውጭ የሆነው፣ የማይታየውን አላይም ብሎ የሚታየውንም ወንድሙን ማየት የተወ ነው።

የነገራችን ሁሉ ማሰሪያ ይህ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ በዓይኑ የሚያየውን ወንድሙን ያልወደደ ሰው ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንደማይችል ይነግረናል። ጌታም በፍርድ ቀን ለተራበውና ለታረዘው የተደረገውን ለእርሱ እንደ ተደረገ አድርጎ እንደሚቈጥረው አስተምሯል። የማይዳሰሰው አምላክ እጃችንን ሥራ አላስፈታትም፤ ወደ ራሱ የምትደርስበትን ስፍራ አሳየቻት እንጂ፤ ይህቺውም ስፍራ የጎረቤታችን ቍስል ናት። እርሱን በእጃችን ለመጨበጥ ብንዘረጋ ባዶ ትመለሳለች፤ ለተቸገረው ብንዘረጋት ግን እርሱ ተቀባይ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ ስሜት ቢኖርም ባይኖርም የጸሎታችሁን ሰዓት አታስታጕሉ። ገበሬ እንሰቱን የሚኰተኵተው ደስ ባለው ቀን ብቻ አይደለምና። አምላክን ዛሬውኑ አሳያችኋለሁ፣ አስዳስሳችኋለሁ እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጠራውን ሁሉ ተከትላችሁ አትሂዱ፤ በሲና ግርጌ የቸኰሉት ያገኙትን ታውቃላችሁ። እናንተም ካህናት፣ አባት ሆይ በጸሎቴ ጊዜ ምንም አይሰማኝም ብሎ የሚመጣውን ሰው አትገሥጹት፤ እምነት የለህም ብላችሁም አታባርሩት። ይልቁንስ በዚህ ሳምንት ማንን እንደ ጠየቀ፣ ከማን ጋር እንደ ታረቀ፣ ለማን እንደ ሰጠ በቀስታ ጠይቁት። ሰጥቶና ታርቆ ከተገኘ፣ የፈለገው አምላክ ከእርሱ ጋር መሆኑን አስረዱት፤ ካልተገኘ ደግሞ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር አመልክቱት።

ሳናየው የወደደን አምላክ፣ ሳናየው የምንወድበትን ልብ ይስጠን፤ ለሚታየው ወንድማችንም የሚራራ እጅ ያድለን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።